ኖራ የተቀባው አውራ ዶሮ

ሳጥኑ ከባለቤቱ አራት ቀን ቀድሞ መንደራችን ጎሎ ንታላ ደረሰ።

ማክሰኞ ነው። ከሩቴንግ ከተማ ጨውና ሳሙና ጭና የምትወጣው መኪና፣ ያቺ ከኋላዋ አግዳሚ ወንበር የተገጠመላት፣ ዘፈኗ ከራሷ ቀድሞ የሚሰማው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ቆመች። ሾፌሩ ከሁለት ፍየልና ከአንድ ጥቅል ቆርቆሮ መሀል የእንጨት ሳጥን ጎትቶ አወረደና፣ «የዲሬክተሯ ዕቃ ነው» አለ።

«የዲሬክተሯ?» አለ የቆመው ሁሉ በአንድ አፍ።

አዲሱ ዲሬክተር ሴት መሆናቸው የተሰማው እንግዲህ ከሾፌር አፍ ነው። የመንግሥት ወረቀት ይኼን አልነገረንም። ወረቀት ዋናውን ነገር መቼ ይናገራል? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ግን ከወረቀት ሾፌር ይሻላል ስል ኖሬአለሁ፤ ማንም አልሰማኝም እንጂ።

ሰው ሳጥኑን ከበበ። ርዝመቱ ክንድ ተኩል፣ ዙሪያውን በሚስማር የተመታ፣ በገመድ የታሰረ። የመንደሩ ንግግር አዋቂ፣ በማዕረጉ ክራኤንግ የምንለው ዶናቱስ፣ በጣቱ አንጓ አንኳኳና ጆሮውን አስጠጋ።

«መጽሐፍ ነው» አለ።

«መጽሐፍ ቢሆን ይከብድ ነበር» አለች ሲስካ፣ አፏን ሞልታ አፍ የሚያቀላውን ሲሪ ቅጠሏን በኖራ እያኘከች። አንስታ ነቀነቀችው። «ሲነቀነቅ ኳ ኳ ይላል። ዱላ ነው። ያለፈው ዲሬክተር አንድ ዱላ ነበረው፣ ይቺ ሙሉ ሳጥን ይዛ መጣች።»

እኔም በተራዬ አነሳሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳሁት፣ ከዚያ በላይ አያስፈልገኝም። «እንጨት ነው፣ ግን የጨው ውሃ የጠጣ እንጨት ነው» አልኩ። ሳቁብኝ። ይኼን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ገመዱ ላይ ካርቶን ተንጠልጥሏል። ሊያነብ የሚችል ሲፈለግ የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ ሮፊና ከጉድጓድ ውሃ ጀሪካኗን ይዛ ስትመጣ ተገኘች። የሲስካ ወንድም ሚስት ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያወሯት አንገቷን ዘመም አድርጋ የምትሰማ ሴት። የጠየቀችው ነገር መልስ እስኪያገኝ እንቅልፍ የማይወስዳት ዓይነት ሰው ናት። ጀሪካኑን አስቀምጣ ካርቶኑን አገላበጠች። ካነበበች በኋላ እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ምን ይላል? እንዲያው አትግደይን!» አለች ሲስካ።

«‹ለአንደኛ ክፍል አስተማሪ ይሰጥ። እስክመጣ እሷ ጋ ይቀመጥልኝ። ማግዳሌና ባሬክ›» ብላ አነበበች ሮፊና።

«አንቺን በምን አወቀችሽ?»

«እኔስ ምን አውቄ?» አለች ሮፊና። ግን ታውቅ ነበር። ያወቀቻት በደብዳቤው ነው።

ደብዳቤው እንዲህ ነው። ሮፊና እዚያ ትምህርት ቤት አስራ አንድ ዓመት አስተምራለች፤ በየዓመቱ በሚታደስ ውል እንጂ ቋሚ አይደለችም። የእኛ ልጆች ደግሞ ስድስት ዓመት ሞልቷቸው አንደኛ ክፍል ሲገቡ ከማንጋራይኛ ሌላ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ኢንዶኔዥያኛ ለእነሱ የሬዲዮ ቋንቋ ነው። ሮፊና ታዲያ የመጀመሪያውን ግማሽ ዓመት በእናታቸው ቋንቋ ታስጀምራቸዋለች። ፊደሉንም፣ ቁጥሩንም። በቆሎ ፍሬ በከረጢት ይዛ ትገባለች፣ መሬት ላይ ትበትናለች፣ ሲቆጥሩ፣ ሲደምሩ፣ በፍሬው ፊደል ሲሠሩ ይውላሉ። ከዚያ ቀስ እያለች ወደ ትምህርት ቤቱ ቋንቋ ታሻግራቸዋለች፣ ልክ ሰው ሕፃን እጅ ይዞ ወንዝ እንደሚያሻግር። ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱ ያነባሉ። የእኔ የልጅ ልጅ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ሁሉ አንብቦልኝ ስንት ዘመን ያለ ልክ ስጠጣው እንደኖርኩ የነገረኝ የእሷ ተማሪ ሆኖ ነው።

ያለፈው ዲሬክተር፣ ጫማው ሁሌ የሚያብረቀርቀው፣ ይኼን አልወደደም። በር ላይ ቆሞ፣ «ይኼ ክፍል ነው ወይስ የዶሮ ቤት?» አላት አንድ ቀን፣ በቆሎውን አይቶ። ሊዛወር ሲል ደብዳቤ ጻፈ፦ አስተማሪዋ በመንደር ቋንቋ ታስተምራለች፣ ውሏ እንዳይታደስ፣ አንደኛ ክፍልም ከሁለተኛ ጋር ይቀላቀል። ማኅተም መታበት። የቀረው የአዲሱ ዲሬክተር ፊርማ ብቻ ነው፣ እሱም በወሩ መጨረሻ። ወሩ ሊያልቅ አስራ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

እና ሮፊና ሳጥኑን ተሸክማ ቤቷ ገባች፣ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጠችው። ማታ ማታ ባሏ ሲያንኮራፋ እሷ ሳጥኑን ታያለች። ምን ዓይነት ሴት ናት? ዕቃዋን ለማታውቃት ሰው የምትልክ? እያመነቻት ነው ወይስ እየፈተነቻት? አንድ ጊዜ ተነሥታ ነቀነቀችው። ኳ ኳ አለ። ተኛች።

አሁን ወደ ዶሮው እንምጣ።

እንግዳ ሲመጣ መንደሩ በር ላይ ቱዋክ የሚባል የዘንባባ ጠጅ በቅል ይቀርባል፣ ነጭ አውራ ዶሮ በእጁ ይሰጠዋል፣ ንግግር ይደረግለታል። ነጭ የሆነበት ምክንያት «ሆዳችን ይኸው፣ የተደበቀብህ የለም» ለማለት ነው። ለመቶ አለቃም፣ ለጳጳስም፣ ለክትባት ሰዎችም እንዲሁ ነው። ለዲሬክተር ሲሆን ዶሮው የሚወጣው ከአስተማሪዎቹ ቤት ነው። ችግሩ በአራት ዓመት ሦስት ዲሬክተር ነው የተቀበልነው። ሦስቱም መጡ፣ ዶሮውን በሉ፣ ብርዱን አልቻሉም፣ ሄዱ። ነጭ ዶሮ ደግሞ እንደ በቆሎ አይዘራም! ስለ ዶሮ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚህ ኮረብታ ላይ ካለ ይምጣና ይንገረኝ፦ ነጭ ከነጭ ብታዳቅል እንኳ ከአስር ጫጩት አራቱ ምን ይዞ እንደሚወጣ አታውቅም። አንዴ አንድ ነጭ አውራ ነበረኝ፣ በሦስት መንደር የሚፈራ፣ ሲጮኽ ደወል ደዋዩ ሰዓቱን የሚያስተካክልበት... ይቅር፣ እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ለማንኛውም ተራው የሮፊና ሆነ። የሮፊና አውራ ነጭ ነው፤ እንደ ወተት። ጭራው ላይ ግን ሦስት የዛገ ብረት የመሰሉ ላባዎች አሉት። ሦስት ብቻ።

«ንቀያቸዋ!» አለች ሲስካ።

«ነቅዬ? ጭራው ግማሽ ሆኖ? ‹ግማሽ ዶሮ ሰጡኝ› ትላለች።»

«እንግዲያው ከጎረቤት መንደር ተበደሪ።»

«ጎረቤት መንደርም እኮ ዲሬክተር አልቆየላቸውም።»

ሲስካ አሰበች። አፏ ውስጥ ያለውን ቀይ ምራቅ እንትፍ አለችና የኖራ ብልቃጧን አየች። ከዚያ ሮፊናን አየች። ሮፊናም ብልቃጡን አየች።

«አይሆንም» አለች ሮፊና።

«ምን አልኩ?»

«ነውር ነው፣ ሲስካ። ነጭነቱ እኮ መሐላ ነው።»

«ነውር የሚሆነው ሲታይ ነው። አንቺ ሥራሽ በሷ ፊርማ ላይ ተንጠልጥሎ ገና በመጀመሪያው ቀን ዝንጉርጉር ዶሮ ልታስታቅፊያት ነው? ‹ሆዷ ዝንጉርጉር ነው› ብላ ትፈርምብሻለች!»

አያችሁ፣ ክፉ ምክር ክፉ የሚሆነው ትንሽ እውነት ሲኖርበት ነው። አርብ ማታ ኖራውን በሩዝ ውሃ ለወሱት። ሲስካ ዶሮውን ያዘች፣ ሮፊና በልጆች ብሩሽ ሦስቱን ላባዎች አንድ በአንድ ቀባች። ሲደርቅ ከሌላው ላባ አይለይም። እንዲያውም ይበልጣል።

ሮፊና ያን ሰሞን የቀባችው ዶሮውን ብቻ አልነበረም። ከረቡዕ ጀምሮ በቆሎውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ልጆቹን በኢንዶኔዥያኛ የእንኳን ደህና መጡ ግጥም ታስሸመድድ ጀመር። አስራ ዘጠኝ አፍ አንድ ላይ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ያለፈው ዲሬክተር እንደሱ ነበር የሚወደው። አርብ ዕለት ቲልዴ የምትባል የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ እጇን አወጣች፤ ኢቡ ማለት እኛ ጋ እንደ እትዬ ነው።

«ኢቡ፣ ምን እያልን ነው?»

ሮፊና አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ልጅ ጠይቋት ሳትመልስ ቀርታ አታውቅም። ያን ቀን ግን፣ «በኋላ እነግራችኋለሁ፣ አሁን ድገሙ» አለች። ያ መልስ ቤቷ ድረስ ተከትሏት ሄደ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ቤት ጣሪያ ላይ ተቀምጧል። ዝናብ አይሉት፣ ጤዛ አይሉት፤ እንዲሁ ሰውን ሳያስፈቅድ የሚያርስ ነገር። ከበሮ ተመታ፣ የነሐሱ ጎንግ ተመታ። መኪናዋ ቆመች። ወረዱ።

አጭር ናቸው። ጠቆር ያሉ የባሕር ዳር ሴት፣ ፀጉራቸው ሸብቶ ወደ ኋላ የታሰረ፣ እግራቸው ላይ የፕላስቲክ ጫማ፣ ትከሻቸው ላይ ጥቁር ጃኬት። ገና እግራቸው መሬት ሲረግጥ ዙሪያውን አዩ፤ ከበሮውን፣ ሰዉን፣ የቡናውን ዛፍ፣ የሲስካን ቀይ አፍ ሳይቀር፣ ሁሉን እንደ ገበያ ዕቃ እያገላበጡ። ከወዲያኛው ደሴት ከአዶናራ ነው የመጡት፤ የእኛን ቋንቋ አንድ ቃል አያውቁም። ሮፊና ፊታቸውን ለማንበብ ሞከረች። ፊታቸው ግን የሚነበብ ሳይሆን የሚያነብ ፊት ነበር።

የእንግዳ ሽርጥ ታሰረላቸው። ከቱዋኩ ቀመሱ። ሮፊና ዶሮውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው፣ እሳቸውም ተቀብለው ደረታቸው ላይ አቀፉት። ክራኤንግ ዶናቱስም ንግግሩን ጀመረ።

ዶናቱስ ጥሩ ተናጋሪ ነው፣ አልክድም። ግን መጨረስ አያውቅም። እኔ ያን ንግግር በግማሽ ጊዜ እጨርሰው ነበር፣ ሰውም ያለቅስ ነበር። እሱ ከአያት ቅድመ አያቶች ጀመረ፣ ወንዞቹን ጠራ፣ ተራሮቹን ጠራ፣ ትምህርት ቤቱ ሲሠራ እንጨት የተሸከሙትን በስም ዘረዘረ። ጭጋጉ ይወርዳል። ዶሮው ይረጥባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

መጀመሪያ ያየችው ሮፊና ናት። በጥቁሩ ጃኬት ላይ አንዲት ነጭ ጠብታ ወረደች። ከዚያ ሌላ። ዶሮው ደግሞ፣ ክፉ እንስሳ፣ ጭራውን አራገፈ።

«ስለዚህ እናታችን» አለ ዶናቱስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሆዳችን እንደዚህ ዶሮ ነጭ ነው!»

«ዶሮው እየተላጠ ነው!» አለች ቲልዴ።

ጎንጉ መሀል ላይ ተቋረጠ። ሁሉም አየ። ሦስቱ ላባዎች ቀልተው፣ ጃኬቱ ላይ ነጭ ጎርፍ። ሲስካ ወዲያው የቤተ ክርስቲያኑን መስቀል አትኩራ ማየት ጀመረች፤ ዛሬ ገና እንዳየችው።

ሮፊና አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች። «የኔ ነው» አለች በኢንዶኔዥያኛ። «እኔ ነኝ ኖራ የቀባሁት። ሦስት ቀይ ላባ ነበረው።»

«አፌን አበላሸሽው፣ ኤኑ፣ አንቺ ልጅ!» አለ ዶናቱስ። «በአያቶቼ ፊት አዋሸሽኝ!»

ዲሬክተሯ ላባውን በአውራ ጣታቸው አሹት። ጣታቸውን አሸተቱ። ቀና ብለው ሮፊናን አዩአት።

«በምን ነው የለወሳችሁት?»

«እ?»

«ኖራ ብቻውን ላባ አይዝም። በምን ለወሳችሁት?»

«በ... በሩዝ ውሃ።»

«አዬ!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «በሩዝ ውሃማ ይለቃል። አባቴ ጀልባ ሠሪ ነበር፤ ኖራ በኮኮናት ዘይት ነው የሚለወሰው። ባሕር አይለቀውም፣ እንኳን ጭጋግ። ግን ለምን? ነጭ ዶሮ ጠፍቶ ነው?»

ሮፊና መዋሸት ሰለቻት። «አዎ። ዲሬክተር በዛብን» አለች።

ሴትዮዋ ሳቁ። እንዴት ያለ ሳቅ መሰላችሁ፤ ዶሮው ደረታቸው ላይ እየዘለለ፣ ሽርጡ ሊፈታ እየደረሰ። «ስንት ዲሬክተር በላችሁ?»

«እኛ አልበላናቸውም፣ እነሱ ናቸው ዶሮውን የበሉት!» አለች ሲስካ ከኋላ፣ ድፍረቷ ተመልሶ።

ዲሬክተሯ እንባቸውን ጠርገው ወደ ዶናቱስ ዞሩ። «አባቴ፣ አገሩን አላውቅም፣ ያጠፋሁ እንዳይመስልዎት። ከነላባው ብቀበለው ያስኬዳል?»

ዶናቱስ አሰበ። ጢሙን ጎተተ። አያቶቹን በልቡ ያማከረ ይመስለኛል። «ያስኬዳል» አለ። «ቃሉ ግን ይስተካከላል።» ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ሆዳችን እንደዚህ ዶሮ ነጭ ነው፤ ሦስት ላባ ሲቀር» አለ።

ለዚች ቃል ሰውዬውን አከበርኩት። እኔም ከዚህ የተሻለ አልል ነበር። ብዙም የተሻለ አልል ነበር።

«ተቀብያለሁ» አሉ ዲሬክተሯ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ማናት?»

«እኔው ነኝ» አለች ሮፊና፣ መሬት ብትውጣት እየተመኘች።

«አንቺው? ሳጥኔስ?»

«ቤቴ ነው። አልከፈትኩትም።»

«አልከፈትሽውም? እኔ ብሆን ከፍቼው ነበር።»

«ነቅንቄዋለሁ» አለች ሮፊና፣ ሳታስበው።

«ጎሽ» አሉ። «ሰኞ ክፍል ይዘሽልኝ ነይ።»

እሑድ መንደሩ ሁሉ በሮፊና ቤት በኩል መንገድ አገኘ። እሳት ሊጭር የመጣ አለ፣ ዶሮ የጠፋበት አለ፣ ዶሮ ኖሮት የማያውቅም ዶሮ የጠፋበት አለ። ሁሉም ሳጥኑን ሰርቆ ያያል። «አልፈረመችብሽም እንዴ?» ይላታል አንዱ። «ሳቋ ደግ ነው፣ ግን የሚስቁ ሰዎችም ይፈርማሉ» ይላታል ሌላው። ሮፊና ራሷ የምታስበው እሱን ነበር። ላባው ታየ፣ እሺ። በቆሎውስ?

ሰኞ ጠዋት ሳጥኑን ክፍል ውስጥ በገጀራ ጫፍ ከፈቱት። አስራ ዘጠኝ ልጅ አንገቱን አሰገገ። መስኮቱ ላይ ደግሞ ትምህርት የማይመለከታቸው ስድስት ሰባት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ስም አልጠራም።

በርጩማ ነው። ዝቅ ያለች፣ ከጉልበት የማትበልጥ፣ የተለሰለሰች የእንጨት በርጩማ።

«አባቴ ከጀልባ የተረፈ ጣውላ ጠርቦ የሠራልኝ ነው» አሉ ዲሬክተሯ።

የጨው ውሃ የጠጣ እንጨት ብያለሁ ወይስ አላልኩም?

በርጩማዋን ወስደው ከኋላ፣ ከቲልዴ አጠገብ አስቀመጡና ተቀመጡባት። ያኔ ሮፊና ገባት፦ ዓይናቸው ከልጆቹ ዓይን እኩል ሆነ። ያለፈው ዲሬክተር ሁሌ በር ላይ ቆሞ ነበር የሚያየው፤ ከላይ ወደ ታች።

«በሉ ጀምሩ» አሉ።

ሮፊና እጇን አነሳች። ልጆቹ ተነሥተው ግጥሙን በአንድ ትንፋሽ አወረዱት፣ ሳይሳሳቱ። ጨርሰው ተቀመጡ። ዲሬክተሯ ወደ ቲልዴ ጎንበስ አሉ። «ግሩም ነው። ምን ማለት ነው እሱ?»

ቲልዴ አየቻቸው። ጥያቄውም ራሱ አልገባትም። ሮፊናን አየቻት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አሁን ሮፊና ሁለት መንገድ ነበራት። ሁለተኛውን ግጥም ማስጀመር ትችል ነበር፤ አጥንተውታል። ያን ጊዜ ግን ቅዳሜ ጃኬቱ ላይ የወረደው ኖራ ትዝ አላት። ተመልሳ ልትቀባ ነው? ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ ከረጢቱን አወጣችና በቆሎውን መሬት ላይ ዘረገፈችው። በማንጋራይኛ፣ «ኑ ልጆች፣ እንግዳችን መቁጠር አታውቅም። አስተምሯት» አለች።

ምን ልበላችሁ! ዶሮ ጥሬ ሲያይ እንደዚያ አይሮጥም። ቲልዴ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ የዲሬክተሯን ጣት ያዘችና ፍሬው ላይ አደረገችው። «ቻ» አለች።

«ቻ» አሉ ዲሬክተሯ።

«ሱዋ።»

«ሱዋ።»

«ቴሉ።»

ዲሬክተሯ ቆም አሉ። «እንዴት አልሽኝ? ሦስት ነው? እኛ ቴሎ ነው የምንለው!» ሮፊና ተረጎመችላቸው። ልጆቹ በአግራሞት ፈዘዙ። የባሕር ሰው፣ ከወዲያኛው ደሴት፣ ሦስትን እንደ እኛ ሊል ትንሽ ሲቀረው?

«አምስትስ?» አለ አንዱ። «ጠይቂያት ኢቡ፣ አምስትስ?»

«ለማ።»

«እኛ ሊማ!» ብለው ጮኹ። «ሰባትስ? አስርስ? ዶሮስ?»

ከዚያ በኋላ ክፍል አልነበረም፣ ገበያ ነበር። ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ ሮፊና ታሻግራለች፣ መልሱን በሁለቱም ቋንቋ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፣ በሦስተኛ ደግሞ በኢንዶኔዥያኛ። ልጆቹ ፊደሎቹን ያወዳድራሉ፣ በበቆሎ ይሠራሉ። ዲሬክተሯ ስምንት ላይ ሁለት ጊዜ ተሳሳቱና ቲልዴ እጃቸውን ቸብ አደረገቻቸው። መስኮቱ ላይ አንድ ሽማግሌ ስምንትን ከውጭ ነግሯቸው ሮፊና ተቆጣችው። ስም አልጠራም ብያለሁ።

ልጆቹ ሲወጡ ዲሬክተሯ ከበርጩማዋ አልተነሡም። ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ሮፊና ማኅተሙን ከሩቅ አወቀችው።

«ይኼን መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አነበብኩት» አሉ። «ሰውየው ጽሑፍ ያውቃል። አንዲት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ አንድን ሰው ይኼን ያህል የምታስጽፈው ምን አድርጋ ነው ብዬ ጓጓሁ። ለዚያ ነው በርጩማዬን ወደ አንቺ የላክሁት። መቀመጫዬ ቀድሞኝ አንቺ ዘንድ ቦታ ይያዝልኝ ብዬ።»

«የጻፈው ውሸት አይደለም» አለች ሮፊና። «በመንደር ቋንቋ ነው የማስጀምራቸው።»

«አየሁ።» ወረቀቱን አጣጠፉት። «እኔ አንደኛ ክፍልን ሁለት ዓመት ነው የተቀመጥኩት። አንድም ቃል አይገባኝም ነበር። አስተማሪው ዲዳ መሰልኩትና አባቴን አስጠርቶ፣ ‹ይቺ ልጅ ዓሣ ታድርቅ እንጂ› አለው። አባቴ ቤት ወስዶኝ ዝም ብሎ በርጩማ ሠራልኝና፣ ‹እዚያ ያለው ወንበር ካስፈራሽ የራስሽን ይዘሽ ሂጂ› አለኝ።» የበርጩማዋን ጠርዝ ዳሰስ አደረጉ። «ቅድም ልጅቷ ስታየኝ ያን አስተማሪ የሆንኩ መሰለኝ።»

«ታዲያ አይፈርሙም?» አለች ሮፊና።

«አልፈርምም። ግን ዝም ማለት አይበቃም፤ እኔ ዝም ካልኩ ሌላ ይፈርማል። ሐሙስ በመኪናዋ ሩቴንግ፣ ቢሮ እወርዳለሁ። ምን ይዤ ልሂድ? ቃል ብቻ ይዞ ቢሮ የሚሄድ ባዶ እጁን ይመለሳል።»

ሮፊና አንገቷን ዘመም አድርጋ አሰበች። ረቡዕ ልጆቹን ለየብቻ ወረቀት ሰጠቻቸው፣ የፈለጋችሁትን ጻፉ አለቻቸው። አላረመችውም። አንዲት ፊደል አልነካችም። ቲልዴ «ዶሮው ቀይ ነው ኢቡ ሳቀች» ብላ ጻፈች፤ ግማሹን በማንጋራይኛ፣ ግማሹን በኢንዶኔዥያኛ፣ ሥሩ ዶሮ ሥላ። ዲሬክተሯ አስራ ዘጠኙን ወረቀት በሩዝ ከረጢት ጠቅልለው ወሰዱ።

ሐሙስ ሄዱ። አርብ አልተመለሱም። ሲስካ፣ «ብርዱን አልቻለችም፣ ሄደች በቃ» አለች። «ዶሮው እኮ እዚሁ ነው» አለች ሮፊና። «ዶሮውን ሳያርድ የሄደ ዲሬክተር አይተሽ ታውቂያለሽ?» እውነትም ዶሮው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ታስሮ ይጮኻል፣ ሦስቱ ላባዎቹ እየነደዱ።

ቅዳሜ ከሰዓት የመኪናዋ ዘፈን ከታች ተሰማ። ሮፊና ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ቆማለች፤ ሳጥኑ የወረደበት ቦታ ላይ። እኛም ሁላችን እዚያው አካባቢ የየራሳችን ሥራ ነበረን። ዲሬክተሯ ወረዱ፣ ጃኬታቸው ላይ የኖራው ምልክት አሁንም አለ።

«አንድ ዓመት ሰጡሽ» አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። «ክፍሉም አይቀላቀልም። ከዚያ በላይ አልተሳካልኝም፣ ተሟግቻለሁ።»

«አንድ ዓመት» አለች ሮፊና። ለአስራ አንድ ዓመት የኖረችበት ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን በእጇ እንደ አዲስ ዳሰሰችው። «ቋሚ ግን አይደለም።»

«አይደለም። ወረቀቶቹን ከእጅ እጅ ሲቀባበሏቸው ዋሉ፣ የቲልዴን አንዱ ኪሱ ከተተው። ‹እንዴት ነው በግማሽ ዓመት እንዲህ የሚጽፉት?› አሉኝ። ‹መጥታችሁ እዩ› አልኳቸው። ከፋሲካ በኋላ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። አይተው ነው የሚወስኑት።»

ክራኤንግ ዶናቱስ ሰምቶ ቀረበ። «ሦስት ሰው? ከቢሮ? እንግዲህ በሥርዓቱ እንቀበላቸዋለን። ዶሮ ግን ከየት ይመጣል?»

ሲስካ ሳታስበው እጇን ወደ ኖራ ብልቃጧ ላከች።

«ሲስካ!» አለች ሮፊና።

«ምን አደረግሁ? ላኝክ ነው!»

ዲሬክተሯ ወደ ግቢው አዩ፤ አውራው አጥሩ ላይ ወጥቶ ሰማዩን ይሳደባል። «ያንን እንስጣቸው» አሉ። «ከነላባው።»

«ቃሉን አሳጥሬ እናገራለሁ» አለ ዶናቱስ።

ያን የመጨረሻውን ማንም አላመነውም። ሮፊና ግን ሰኞ ጠዋት ቀደም ብላ ሄዳ ለዶሮው ከበቆሎዋ አንድ እፍኝ በተነችለት፤ ከዚያ የቀረውን ይዛ ክፍል ገባች። በርጩማዋ ከቲልዴ አጠገብ ነበረች።